አሥራ አንድ ሰከንድ

ከኋላው ረድፍ ላይ፣ እግሩ በላላ ወንበር፣
በአንድ እጄ የሩጫ ሰዓት፣ በጉልበቴ ላይ ደብተር፣
ባልደረባዬን አጠናለሁ፣ ዙቤይር ውል ሲያስተምር።

ማራገቢያው ይዞራል፤ ያንኑ ሙቀት ይመልሳል፤
ከግንቡ ማዶ ባጃጅ ያለ ምክንያት ይጮኻል፤
ገና አራት ሰዓት ሳይሞላ ሸሚዜ ከጀርባዬ ተጣብቋል።

ሦስት ነን ይህን የጀመርን፤ እሱ፣ እኔና ኢፍቱ፤
አንዱ ባንዱ ክፍል ገብቶ ሊቆጥር ከነሰዓቱ።
ጥያቄያችን አጭር ነው፤ አጭርነቱ ያሳፍራል፦
«ሕግ ስናስተምር ውለን፣ ሕግ ተምሮ ማን ይወጣል?»
በፈተና ወረቀት ላይ አንቀጹን ከነቁጥሩ ይደግሙታል፤
ሳቢያን ላይ ቤት ሲከራዩ ግን
ደላላው የሰጣቸውን ሳያነቡ ይፈርሙታል።

ባለፈው ሳምንት ተራው የኔ ነበር።
ኢፍቱ ወረቀቷን አጥፋ ሰጠችኝ፤ አላለችም አንድ ነገር።
ደረጃው ላይ ቆሜ ገለጥኩት፦
«ጥያቄ፣ ሠላሳ አንድ። ራሱ የመለሰው፣ ሃያ ስምንት።
ከጥያቄ እስከ መልስ፣ አንድ ሰከንድ ተኩል።»

አሥራ ሁለት ዓመት ሙሉ ሸንጎ የከፈትኩ መስሎኝ፣
ለካ ከሳሽ እኔ፣ ተከሳሽ እኔ፤
ከዳኛው ወንበር ላይም እኔው ቁጭ ብዬ አየሁኝ።
በላ ልበልሃ ባሉ፣ ኩታ አጣፍተው በተሟገቱ ሰዎች ሀገር
«ተጠየቅ!» ብሎ ጠይቆ፣
የተጠየቀው ሳይተነፍስ መናገር!

ዛሬ የዙቤይር ርእስ፦ «ከዐቅም በላይ የሆነ ኃይል»።
ጠመኔውን አሻሸ። «አንድ ነጋዴ» አለ፣ «ስኳር ሊያስረክብ ይዋዋላል፤
መጋዘኑ ደቻቱ ዳር፤ ሌሊት ጎርፍ ይመጣል።
ጠዋት ስኳር የለም፤ ጆንያው ብቻ ቀርቷል።
ነጋዴው ይጠየቃል?»

ሰዓቴን ተጫንኩ።

አንድ። ሁለት። እስክሪብቶ ወደቀ።
አራት። አንዱ ገጽ ገለጠ፣ ሌላው ጣሪያውን ጠየቀ።
ስድስት። ዙቤይር አፉን ከፈተ፤ አውቃታለሁ ያችን አከፋፈት፣
መልሱ ጥርሱ ላይ ደርሷል፤ የመምህር ረኃብ ናት።
ዘጋው። ጠመኔው እጁ ውስጥ ተሰበረ።
ዘጠኝ። በሱ ፈንታ የኔ ላብ ደብተሩን አዥጎረጎረ።

አሥራ አንድ ላይ፣ ከሦስተኛው ረድፍ፣ ፈይሩዛ፣
ሁለት ዓመት ድምጿ ያልተሰማ፣ ጣቷን እንኳ ሳታነሣ፣
«ነጋዴው የየት ሰው ነው?» አለች።
«እንግዳ ከሆነ ይቅር። የድሬ ልጅ ከሆነ ግን ያውቃል፤
እዚህ ሰማዩ ጠርቶ ደንገጎ ላይ ከጠቆረ፣ አሸዋው ማታውኑ ይነሣል።
‹ሊገመት የማይችል› ይላል ሕጉ፤ ገማቹ ግን ማን ነው?»

ከበሩ አጠገብ ጉርሜሳ፣ ሳይፈቀድለት ተነሣና፦
«ማወቅ ማምለጥ ነው እንዴ?
አጎቴ ደመና ያነብ ነበር፣ ከማንም ይልቅ ደህና።
እያየው ተኛ። ሌላ ቤት በምን ገንዘቡ፣ በየትኛው ጎዳና?»

ክፍሉ ፀጥ አለ፤ ይኼኛው ግን ሌላ ፀጥታ ነው፣
ጆሮ ያለው።
ከዚያ ሁሉም ባንድ ላይ ጮኹ።
ዙቤይር መድረኩን ትቶ የተማሪ ወንበር ተደገፈ፤
ስባሪ ጠመኔውን እንደጨበጠ፣ ቃል ሳይወጣው ሰዓቱ አለፈ።

የኔ ሰዓት፣ ማቆሙን ረስቼ፣ ብቻውን ሲቆጥር ነበር።
ቅጻችን ላይ ሳጥን ፈለግሁ፦ «ግልጽነት»፣ «የሰሌዳ አጠቃቀም»፣ «ሰዓት ማክበር»…
የጉርሜሳ አጎት የት ይግባ?
ጠርዙ ላይ ጻፍኩ፣ በእርሳስ፣ አጥፍቼ ደግሞም፦
«መልስ አልተገኘም። ጊዜው አልቆ ማንም አልተነሣም።»

ማክሰኞ፣ የኔ ክፍል። ኢፍቱ ከኋላ፣ ሰዓቷ በእጇ።
ጠየቅኩ።
መልሱ ምላሴ ላይ ሲንጫጫ ወደ መስኮቱ ዞርኩ።
ሁለት።
ሦስት ሰከንድ ለካ ይህን ያህል ረጅም ነው።
አራት።
እዚህ ሰማዩ ጥርት ብሏል፤
ደንገጎ ላይ ግን ደመና አለ።